ያልተሳፈሩት መንገደኛ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ መርከብ ሽርሽር ነው። በያላችሁበት አገር ማስታወቂያውን ሳታዩት አትቀሩም፤ ትልቅ ነጭ መርከብ፣ ሰማያዊ ባሕር፣ ብርጭቆ ይዘው የሚስቁ ባልና ሚስት። እኔም ለዓመታት እያየሁ አልፌዋለሁ። የባሕር በር የሌለው አገር ልጅ ነኝና መርከብ ዕቃ የሚመጣበት እንጂ ሰው የሚዝናናበት ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም ነበር። በጥር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2023) ግን ተሳፈርኩ። ከዚህ በታች የምጽፍላችሁ መርከቧ እንዴት እንደምትሠራ፣ ላይዋ ላይ እንዴት እንደሚኖርና አብረውኝ የተጓዙት እነማን እንደነበሩ ነው። በመካከሉ ግን አንድ ያልተሳፈሩ ሰው አሉ። ጽሑፉም ለእሳቸው ካቀረብኩት ሪፖርት የተወሰደ ስለሆነ ወጉን ከእሳቸው መጀመር ግድ ይለኛል።

ሂልብሮውና አድሚራሉ

የምኖረው ጆሃንስበርግ ውስጥ ሂልብሮው በሚባለው ሰፈር ነው። ሙያዬ መካኒካል ምህንድስና ሲሆን ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት ሕንድ አገር፣ ሩርኪ ነው። ቀን ቀን የረጃጅም ሕንፃዎችን የውኃ ፓምፖች ሳስጠግን እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ እንዲህ እጽፋለሁ። ሂልብሮው ስንል ስሙን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ሌባና ስለ ሽጉጥ ነው። ያ የለም አልልም። ነገር ግን ሂልብሮው ከሁሉ በፊት የፎቅ ሰፈር ነው። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1971 ያለቀውና 269 ሜትር የሚረዝመው የቴሌኮሙኒኬሽን ማማ ከመሐሉ ቆሟል፤ ከጎኑ ደግሞ በ1975 የተሠራው ባለ 54 ፎቁ ክብ ሕንፃ፣ ፖንቴ፣ አለ። በአፓርታይድ ዘመን ሰፈሩ በሕግ ለነጮች ብቻ የተከለለ ነበር። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሌሎቹም በነጭ ሰው ስም እየተከራዩ ይገቡበት ጀመር። ዛሬ እኔ ባለሁበት ሕንፃ ውስጥ የዚምባብዌ፣ የናይጄሪያ፣ የኮንጎና የሞዛምቢክ ሰው ሞልቷል። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንገኘው ንግዱ ባለበት በጄፒ ጎዳና አካባቢ ቢሆንም ሂልብሮው የምናድርም አለን።

ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ግን "አድሚራል" ይላቸዋል። አድሚራል ሆነው አያውቁም። በ1968 ዓ.ም. ከትምህርት ቤት ወጥተው ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል የተቀጠሩ ባሕረኛ ነበሩ። "ኢትዮጵያ" በተባለችው መርከብ ላይም አገልግለዋል። ይህች መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አሜሪካ የሠራቻትና እ.ኤ.አ. በ1962 ለአገራችን የሰጠቻት፣ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ ነበረች። በ1990 ምጽዋ ተያዘች፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። "ኢትዮጵያ"ም እዚያው ቆማ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጋሼ ከየመን ወዲህ የሄዱበት መንገድ ብዙ ነው፤ መጨረሻው ሂልብሮው ሆነ። ቀን ቀን ጄፒ ላይ በአንድ ወዳጃቸው ሱቅ ቀበቶና ካልሲ ይሸጣሉ። ማታ መብራት በጠፋ ጊዜ ሊፍቱ ስለማይሠራ አሥራ አራቱን ፎቅ በእግራቸው ይወጣሉ፤ በየአራት ፎቁ ቆም ብለው ያርፋሉ። ያኔ እኔ ቤት ጎራ ብለው ሻይ እንጠጣለን።

ስጦታዬና ስሕተቴ

በዚያ ዓመት ጥሩ ሥራ አግኝቼ ነበርና አንድ ነገር አሰብኩ። ከደርባን ወደብ ተነስቶ ሞዛምቢክ ደርሶ የሚመለስ የአራት ሌሊት ጉዞ አየሁ። የካቢን ዋጋ የሚታሰበው ለሁለት ሰው ነው፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለተኛውንም አልጋ ያህል ይከፍላል። ስለዚህ ለጋሼ ሳልነግራቸው የሁለት ሰው ከፈልኩ። ለሠላሳ ዓመት መርከብ ላይ ላልወጡ ባሕረኛ ከዚህ የተሻለ ስጦታ ከየት ይገኛል ብዬ ነበር።

አንድ ማታ የስም ዝርዝሩን ለመሙላት የፓስፖርት ቁጥራቸውን ጠየቅኋቸው። "ለምንህ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። መጀመሪያ ፊታቸው በራ፤ የማይረሳኝም እሱ ነው። ቀጥሎ ዝም አሉ። ከደረት ኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ናት፤ በእኛ አነጋገር "ሴክሽን 22"።

ይህን ወረቀት ለማታውቁ ላስረዳ። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪወሰን በአገሩ ውስጥ የሚኖርበት ጊዜያዊ ወረቀት በአንቀጽ 22 ይሰጠዋል። ወረቀቱ ለጥቂት ወራት እየታደሰ ይሄዳል። ባለወረቀቱ መሥራትና በአገር ውስጥ መዘዋወር ይችላል። ሕጉ ሲወጣ ግን ሰውየው ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ ከአገር ከወጣ ወረቀቱ ወዲያውኑ ዋጋ ያጣል ብሎ ደንግጓል። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም ለመሞከር የሚደፍር ባለወረቀት አላጋጠመኝም። ጋሼ ይህችን ወረቀት ከሃያ ዓመት በላይ ሲያሳድሱ ኖረዋል። መርከቧ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ውኃ ትወጣለች። መውጣት መውጣት ነው፤ በአውሮፕላን ሆነ በሽርሽር መርከብ።

እኔ ይህን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ስንቱን ወዳጄን ወረቀት ለማሳደስ አጅቤ ሄጃለሁ። ግን እኔ በሙያዬ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኘሁ ቆይቻለሁና የሌላው ሰው ኪስ ውስጥ ያለውን ወረቀት ረሳሁ። የተከፈለው ገንዘብ እንደማይመለስም የፈረምኩበት ደንብ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያሳፈረኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። እኚህ ትልቅ ሰው "አልችልም" ለማለት ወረቀታቸውን አውጥተው እንዲያሳዩኝ ማድረጌ ነው።

"አልሄድም፣ እንተወው" አልኳቸው።

"ትሄዳለህ እንጂ!" አሉኝ ቆጣ ብለው። "ሄደህ ደግሞ ትመለከትልኛለህ።" ከሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ ስድስት ጥያቄ ጻፉልኝ፦

1. ርዝመቷ ስንት ነው? ቶኗስ?
2. ፕሮፔለሯን የሚያዞረው ምንድን ነው?
3. የሚጠጣው ውኃ ከየት ነው?
4. የወደቡ ፓይለት የወረደው እንዴት ነው?
5. ላይ ያሉት እነማን ናቸው? ታች ያሉትስ?
6. አፍንጫዋ ላይ የተጻፈውን የጥልቀት ቁጥር አንብበህ ና።

መርከቧ

ከፓርክ ስቴሽን የሌሊት አውቶቡስ ይዤ ጠዋት ደርባን ደረስኩ። ከነዚያ ዓመታት ወዲህ ከደርባን ከተነሱት የሽርሽር መርከቦች መካከል ኤም ኤስ ሲ ኦርኬስትራና ኤም ኤስ ሲ ሙዚካ የተባሉት እህትማማቾች ይገኙበታል። ሁለቱም ፈረንሳይ፣ ሴን ናዜር በተባለው የመርከብ ማምረቻ፣ አንዷ በ2006 ሌላዋ በ2007 ተሠርተው ያለቁ ናቸው። ለጋሼ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህን ዓይነት መርከብ የሚመለከት ነው።

ርዝመቷ 294 ሜትር ያህል ነው፤ "ኢትዮጵያ"ን ሦስት ጊዜ ብትቀጥሏት ነው። ወርዷ 32 ሜትር ከጥቂት ነው። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ አሮጌዎቹ የፓናማ ቦይ በሮች የሚያሳልፉት የመርከብ ወርድ ይህን ያህል ስለነበረ ነው። ሰፋፊዎቹ አዲስ በሮች የተከፈቱት በ2016 ነው። ቶኗ ደግሞ 92 ሺህ ይባላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጦር መርከብ ቶን ክብደት ነው፤ የመንገደኛ መርከብ ቶን ግን የውስጧን ስፋት የሚለካ እንጂ የሚዛን ቁጥር አይደለም። ስለዚህ "ይህን ሁሉ ሺህ ቶን ብረት እንዴት ይንሳፈፋል?" ብላችሁ አትደነቁ፤ አብዛኛው አየር ነው። ከውኃው በላይ እንደ ፎቅ ቤት የተቆለለችው መርከብ ከውኃው በታች ያላት ጥልቀት 8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ታዲያ የማትገለበጠው ከባዶቹ ነገሮች፣ ማለትም ሞተሩ፣ ነዳጁና የውኃው ታንክ ከታች፣ ቀላሎቹ ደግሞ ከላይ እንዲሆኑ ተደርጋ ስለተሠራች ነው። ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ከጎንና ከጎኗ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ያሉ መቅዘፊያዎች በውኃው ውስጥ ይዘረጋሉ፤ በኮምፒዩተር እየታዘዙ ዘንበል ቀና በማለት መወዛወዙን ይቀንሱታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉም ይጥመኛል። በጋሼ ዘመን የናፍጣ ሞተሩ በዘንግ በኩል ፕሮፔለሩን ያዞር ነበር። በዚህች መርከብ ግን ሞተሮቹ የሚሠሩት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ነው። አምስት ትልልቅ የናፍጣ ጄኔሬተሮች አሏት፤ ድምራቸው 58 ሜጋዋት ያህል ነው። የእኛው ቆቃ ግድብ የተሠራው ለ43 ሜጋዋት መሆኑን አስታውሱ። ኃይሉ ፕሮፔለሮቹን ለሚያዞሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና ለምግብ ቤቱ፣ ለሊፍቱ፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለመብራቱ ይከፋፈላል። መርከቧ ቀስ ስትል አንዳንዱ ይጠፋል፣ ስትፈጥን ይነሳል። በዚያ ወር ጆሃንስበርግ ውስጥ በመብራት ፈረቃ በቀን ብዙ ሰዓት በጨለማ እንውል ነበርና አራት ቀን ሙሉ አንዲት አምፖል ሳትርገበገብ መኖሬ ከባሕሩ በላይ አስገረመኝ ብል ማጋነን አይሆንም።

ውኃውም ከባሕሩ ነው። በአንድ በኩል የሞተሩን ትርፍ ሙቀት ተጠቅመው አየሩ በተቀነሰበት ዕቃ ውስጥ የባሕር ውኃ ያፈላሉ፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውኃው ከመቶ ዲግሪ በታች ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሲሰበሰብ ጨው አልባ ነው። በሌላ በኩል በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ማጣሪያ ያሳልፉታል። የእኛን ሕንፃ ሁለት የደከሙ ፓምፖች እያሰብኩ ገላዬን ረዘም አድርጌ ታጠብኩ፤ ይቅር በሉኝ።

ከመነሳታችን በፊት ያልጠበቅሁት ነገር የአደጋ ልምምዱ ነው። ሁሉም መንገደኛ የመሰብሰቢያ ቦታውን ማወቅና የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አለባበስ ማየት ግዴታው ነው። በ2012 ጣሊያን ዳርቻ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ ተጋጭታ 32 ሰው ከሞተ በኋላ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም ወዲያው እንደተነሱ እንዲደረግ ዓለም አቀፉ ደንብ ከ2015 ጀምሮ አስገድዷል። የዚህ ባሕር ዳርቻ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ጋሼ የመን በነበሩበት በዚያው በ1991፣ ኦሺያኖስ የተባለች የሽርሽር መርከብ ከኢስት ለንደን ወደ ደርባን ስትጓዝ ሞተር ክፍሏ ውኃ ገባበት። ውኃው ባልተደፈነ ቀዳዳ ወደ ፍሳሽ ታንኩ አልፎ፣ መመለሻውን የሚዘጉት ቫልቮች ስላልነበሩ በመጸዳጃ ቤቶቹ በኩል ሽቅብ ወጣ። ኦገስት 4 ቀን ሰመጠች። ካፒቴኑ ከብዙ መንገደኞች ቀድሞ በሄሊኮፕተር ሲወጣ፣ የድረሱልን ጥሪውን ያሰማውና ሰዉን ሲያወጣ ያደረው ሞስ ሂልስ የተባለው የመርከቧ ጊታር ተጫዋችና ባልደረቦቹ ነበሩ። ላይዋ ላይ የነበሩት 571 ሰዎች በሙሉ ተረፉ። የቫልቭ ሰው ነኝና ይህን ታሪክ ለተለማማጆቼ ሁሉ እነግራለሁ።

የወደብ ፓይለት የሚባለው የወደቡን ጥልቀትና ጅረት የሚያውቅ፣ እንግዳውን መርከብ እየመራ የሚያስገባና የሚያስወጣ ባለሙያ ነው። ደርባን ፓይለቶቿን በሄሊኮፕተር በማመላለስ የታወቀች ወደብ ናት። እኛን ያስወጣን ግን በጀልባ ነው የተመለሰው። ከወደቡ አፍ እንደወጣን ትንሿ ጀልባ ከጎናችን ተጠጋች፤ ሰውየው በገመድ መሰላል ወርዶ ማዕበሉ ጀልባዋን ከፍ ባደረጋት ቅጽበት ዘለለ። አጠገቤ የቆመው ሕዝብ አጨበጨበለት። "መሰላል ከሆነ ጥሩ ነው" አሉ ጋሼ በኋላ።

ላይ ያሉት

የመርከብ ኑሮ በጣም የሚመስለው የሠርግ ቤትን ነው። ጠዋት ቡፌ፣ ቀትር ቡፌ፣ ማታ ደግሞ ተራ ተይዞ በተመደበ ጠረጴዛ እራት። ገንዘብ አይነካም፤ ሁሉ ነገር በካቢን ካርድ ይመዘገባል፣ ሂሳቡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ ከመጠጡ ሌላ በየሌሊቱ የሚታሰብ የአገልግሎት ክፍያም አለ። በየምሽቱ የነገውን ፕሮግራም የያዘ ወረቀት ይደርሳል። ጠዋት በማለዳ ተነስተው በመዋኛው ዳር ባሉት ወንበሮች ላይ ፎጣ አንጥፈው ቦታ የሚይዙ አሉ፤ የሚቀመጡባቸው ግን ከቀትር በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ "ጄሩሳሌማ" የተባለው ዘፈን በተከፈተ ቁጥር የሶዌቶ ወጣት፣ የደርባን አማት፣ የፕሪቶሪያ ጡረተኛ በአንድ መስመር ተሰልፎ ይጨፍራል። እኔም እስክስታ ቀላቅዬበታለሁ።

የተመደብኩበት ጠረጴዛ ለስድስት ሰው የተዘጋጀ ነበር። አንደኛው ወንበር ባዶ ነው፤ ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከፊት ለፊቴ ጡረታ የወጡ ነጭ ባልና ሚስት ተቀመጡ፤ በስተቀኝ ከሶዌቶ የመጡ ጡረተኛ መምህርት፤ በስተግራ ከልጅ ልጆቿ ሸሽታ በሰላም ለመብላት የመጣች የደርባን ሕንዳዊት አያት። "የት ነው የምትኖረው?" ሲሉኝ ሂልብሮው አልኩ። ጠረጴዛው ዝም አለ። እንደተለመደው ስለ ሌባ ሊጠይቁኝ ነው ስል፣ ባልየው ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ ሳቀ።

ለካ እንደተጋቡ የኖሩት ሂልብሮው ኖሯል፤ በ1970ዎቹ። የጋብቻቸውን በዓል ያከበሩት በማማው አናት ላይ እየተሽከረከረ ከተማውን በሚያሳየው ምግብ ቤት ነበር። ምግብ ቤቱ በ1981 ለሕዝብ ተዘግቷል። "ከዚያ ላይ ሆነን ታች ያለውን ሁሉ የእኛ ነው እንል ነበር" አለች ሚስትየዋ። መምህርቷ ሹካቸውን አስቀመጡ። "እኔም በ1980ዎቹ ሂልብሮው ኖሬያለሁ" አሉ በእርጋታ። "በማላውቃት ነጭ ሴት ስም በተጻፈ ውል። ፖሊስ የመጣ እንደሆነ የቤት ሠራተኛ ነኝ እንድል ሽርጥ በር ላይ ሰቅዬ ነበር።" ባልየው ምንም አላለም። ጥቂት ቆይቶ "የትኛው ጎዳና?" ብሎ ጠየቃቸው። ጎዳናውን ነገሩት። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ሁለት ሕንፃ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ምሽቶች ሁለቱ ስለ ዳቦ ቤቱና ስለ መጻሕፍት መደብሩ እየተጠያየቁ ሲያወሩ እኔ የዛሬውን እነግራቸው ነበር፤ የትኛው ሊፍት እንደሚሠራ፣ የትኛው ሕንፃ ውኃ እንደሌለው።

አያትየዋ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነበራት። ሕንዶች ወደ ደርባን መምጣት የጀመሩት በ1860 በእንግሊዞች የሸንኮራ እርሻ ላይ በውል ለመሥራት ነው። "የአባቴ አያት በዚህ ወደብ የገባው መርከብ ሥር ተኝቶ ነው" አለችኝ። "እኔ ለልጅ ልጆቼ መስኮት ያለው ካቢን ገዛሁላቸው።" ረቡዕ ዕለት የጥምቀት ጋድ ነበርና ጾሜን ስነግራት እጄን ይዛ የሕንዶቹ የአትክልት ምግብ ወደሚቀርብበት ወሰደችኝ። ቅቤና ወተት የሌለውን ምስር ለይታ አስጠይቃ አስቀረበችልኝ። ውድ ጿሚዎች፣ በመርከብ የምትጓዙ ከሆነ የሕንዶቹን ወረፋ ያዙ፤ ምክሬ ነው።

በማግስቱ፣ ጥምቀት ዕለት፣ መርከቧ በማፑቶ ባሕረ ሰላጤ ኢንያካ አጠገብ ካለችው ፖርቱጋል ደሴት ፊት መልሕቋን ጣለች። ደሴቷ ላይ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስለሌለ ሰዉ የሚሻገረው በትንንሽ ጀልባ ነው። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ልጆቹ ሲረጫጩ እያየሁ ጃንሜዳን አሰብኩ። መምህርቷ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። የደርባን ባሕር ዳርቻ በዘር መከፋፈሉ የቀረው በ1989 ነበርና በልጅነታቸው ደርባን ሄደው ሳለ ጥሩውን ዳርቻ ከሩቅ ነበር ያዩት።

ታች ያሉት

የአምስተኛው ጥያቄ ሁለተኛ ክፍል ቀላል አልነበረም። ሠራተኞቹ ወደሚያድሩበት መንገደኛ አይወርድም። እንዲህ ባለች መርከብ ላይ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች አሉ፤ የብዙዎቹ መኝታ ከታችኞቹ ፎቆች፣ በውኃው መስመር አካባቢና ከዚያ በታች ነው። ያነጋገርኳቸው የኢንዶኔዢያ፣ የፊሊፒንስ፣ የሕንድና የማዳጋስካር ልጆች ናቸው። ውላቸው የወራት ነው፤ በእነዚያ ወራት የእረፍት ቀን የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ከ2013 ጀምሮ የጸናው ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት አሠሪዎች ከሚከተሏቸው ሁለት ልኮች አንዱን ሲያስቀምጥ የሥራ ሰዓት በ24 ሰዓት ከ14፣ በሳምንት ከ72 እንዳይበልጥ ይላል። ጣሪያው ይህ ከሆነ ወለሉን ገምቱት።

የእኔን ካቢን የሚያጸዳው ወጣት ከማዳጋስካር ነበር። በየምሽቱ ሁለቱንም አልጋ ያነጥፋል፣ ሁለት ፎጣ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ቀን "ጓደኛህ መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። የወረቀቱን ነገር ነገርኩት። ጥቂት አሰበና "እኔ ደግሞ መርከብ ላይ ነኝ፣ ግን ደሴቷን ረግጫት አላውቅም፤ እናንተ ስትወርዱ ነው ክፍሉን የማጸዳው" አለኝ። ለእናቱ በየወሩ ይልካል፤ ታናሽ እህቱን ያስተምራል። ወሬያችን ጄፒ ላይ የምንሰማው ወሬ ነው፤ ምንዛሬ፣ የአገር ቤት ዋጋ፣ "መቼ ትመጣለህ" የሚል ስልክ። ልዩነቱ እሱ የሚሠራበት ቦታ ተንሳፋፊ መሆኑ ነው። አልጋውን ማንጠፍ ግን አልተወም።

ሪፖርት

ዓርብ ደርባን ገባን፣ ቅዳሜ ማታ ሂልብሮው ነበርኩ። መብራት አልነበረም። ጋሼ እኔ ቤት ሻማ አብርተን ሪፖርቴን አንድ በአንድ ሰሙኝ። ስለ ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። የማዳጋስካሩን ልጅ ስነግራቸው "እኛም ታች ነበር የምንተኛው" አሉ። ባዶውን ወንበርና ሁለተኛውን ፎጣ ግን ዘለልኩት። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ አቀረቀርኩ። መንገደኛ የሚገባው በተሸፈነ መተላለፊያ ስለሆነ የመርከቧን አፍንጫ ከውጭ አላየሁትም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ረስቼዋለሁ።

"መርከብ ላይ ወጥተህ ጥልቀቷን ሳታነብ ተመለስክ?" አሉኝ። ያ ፓስፖርት የጠየቅኋቸው ማታ ያላዩኝን አስተያየት አዩኝ። ቀጥለውም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ማታ ወዲህ የከበደኝ ነገር ትንሽ ቀለለኝ።

ለፋሲካ በአውቶቡስ ደርባን ወሰድኳቸው። በአገር ውስጥ ለመሄድ ወረቀታቸው ይበቃል፤ ይህን ደግሞ አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነው። ከወደቡ አፍ አጠገብ ያለው ዳርቻ ላይ መርከቦቹ በጣም ቀርበው ያልፋሉ። ከቀትር በኋላ አንድ የኮንቴይነር መርከብ ብቅ አለ። ጋሼ የተዋስኩትን አቅራቢ መነጽር ከእጄ ወስደው አፍንጫው ላይ አነጣጠሩ። "አሥራ አንድ ከስድስት" አሉ። ከቁጥሮቹ ውስጥ ውኃው የነካውን አንብበው ነው፤ የመርከቡ ሆድ ከውኃው በታች 11 ሜትር ከ60 ሳንቲ ገብቷል ማለት ነው። "የኋላውንም አንብቤ ካነጻጸርኩ ጭነቱ እኩል መቀመጡን እነግርሃለሁ። ቆይ ይለፍ።" መርከቡ እስኪያልፍ ቆምን። ኋላውን አነበቡ። ትንሽ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው አሉ፤ በጥሩ ሁኔታ ነው የተጫነው።

ወገኖቼ፣ የመርከብ ሽርሽር መልካም ነገር ነው፤ ከቻላችሁ ሂዱ። የፓስፖርታችሁንና የቪዛችሁን ጉዳይ ከመክፈላችሁ በፊት ጨርሱ፣ የስረዛውንም ደንብ አንብቡ። ለወዳጃችሁ ልትከፍሉ ካሰባችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ፣ ብቻውን ሆኖ፣ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። የጋሼ ወረቀት ዛሬም እየታደሰ ነው። በየዓመቱ ለፋሲካ ደርባን እንሄዳለን፤ እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ቸር ይግጠመን።